ለቪዲዮ የዘረጋሁት መረብ

ይህን የሚያነብ ሰው ከማን ጋር እንደተቀመጠ አስቀድሞ ይወቅ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ሲቀላ ሰፈር ውስጥ በየሱቁ በር ላይ የተጻፈውን በጣቴ እየተከተልኩ ነው፤ አንዱ ባለሱቅ ሲያባርረኝ ወደሚቀጥለው በር እየሄድኩ። ዛሬ ጋዜጣም፣ ውልም፣ የፍርድ ቤት መጥሪያም ሳልደናቀፍ አነባለሁ። ዋና ያስተማረኝ የለም፤ ጫሞ ሐይቅ ውስጥ ገፍትረው ጣሉኝና ዋኝቼ ወጣሁ፤ ከወጣሁ በኋላ የገፈተረኝን አፍንጫውን ሰበርኩት። ቢላ አያያዝ ያስተማሩኝ የገዛ ጣቶቼ ናቸው፤ የግራ እጄ ትንሿ ጣት ጫፍ የላትም።

የተወለድኩት ከሐይቁ በላይ ተራራው ላይ፣ ኦቾሎ ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር። እኔንም ከሽመናው ጉድጓድ ሊያስቀምጠኝ ሞክሮ ነበር፤ ቁጭ ብሎ ክር መወርወር ግን አልሆነልኝም። ጢሜ ሳይወጣ ቁልቁል ወርጄ ዓሣ አጥማጅ ሆንኩ። አንድ ቀን አዞ የጓደኛዬን ጭን ነክሶ ወደ ውስጥ ሲጎትተው ሌሎቹ ቆመው ሲጮኹ እኔ በመቅዘፊያዬ ዓይኑን ወጋሁት። አልለቀቀም። ደግሜ ወጋሁት። በሦስተኛው ለቀቀ። ጓደኛዬ ዛሬም እያነከሰ ነው የሚሄደው፤ ግን ይሄዳል። ሰውም መትቻለሁ፤ አልደብቅም። መናኸሪያው በር ላይ ሁለት ጥርሱን ያረገፍኩት ሾፌር ኋላ አበልጄ ሆኗል።

ጉልበቴ ጀልባ መግፋት ሲያቅተው ሲቀላ ላይ ዓሣ ቤት ከፈትኩ። ጉላሹ፣ ኮተሌቱ፣ ሾርባው፣ ከዓሣው ጋር የሚቀርበው ዳጣ፣ ሁሉም ከእኔ እጅ የወጣ ነው። ዳጣዬን ቀምሶ ዓይኑን ያላበሰ ሰው የለም። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወፍራም ሰውዬ በማንኪያ ሙሉ ጎርሶ ወንበሩን ይዞ ወደ ኋላ ወድቋል።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነኝ ስልክ ላይ ምን እንለጥፍ በሚል ጭቅጭቅ ውስጥ የገባሁት።

ነገሩ የጀመረው ከእኛ ቀጥሎ ሌላ ዓሣ ቤት ሲከፈት ነው። አንድ እሑድ አሥር የሚሆኑ ተማሪዎች በራችን ላይ ቆሙ። አንደኛዋ ስልኳን ዓይታ "እዚህ አይደለም፣ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ቪዲዮው ላይ ያየነው" አለችና ሁሉም ተከትለዋት ሄዱ። እኔ በር ላይ ቢላ ይዤ ቆሜ ነበር። ቢላውን ጠረጴዛው ላይ ሰካሁት፤ ምልክቱ አሁንም አለ።

ልጄ ማርኬቲንግ ተምራ ተመርቃ ሥራ እየፈለገች ነበር። "አባዬ፣ ገጽ ያስፈልገናል" አለችኝ።

"ይሄን ሁሉ ዓመት ያለ ገጽ ሸጫለሁ።"

"ይሄን ሁሉ ዓመት ጎረቤት አልነበረህም።"

ገጹን ከፈተችው። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ዓሣው ከመድረሱ በፊት ተቀምጠን ምን እንደምንለጥፍ እንወስን ጀመር። ደብተር ነበራት፤ ሰኞ ምግብ፣ ረቡዕ ደንበኛ፣ ዓርብ ስለ ሐይቁ እያለች በቀለም ከፋፍላዋለች። የመጀመሪያው ፎቶ አንድ ቁራጭ ዓሣ፣ ግማሽ ሎሚና ሁለት ቅጠል ነበር።

"ይሄ የሆስፒታል ምግብ ነው" አልኳት።

"ንጹሕ ነው አባዬ። ሰው ንጹሕ ነገር ይወዳል።"

"ሰው የሚወደው ዓሣው ከየት እንደመጣና ማን እንደገደለው ማወቅ ነው።"

"እሺ፣ የገደለው ማን ነው?"

"እኔ!"

"አንተ እኮ ከገዛህ በኋላ ነው የምትቆርጠው። ሞቶ ነው የሚመጣልህ።"

ሆን ብላ ታበሽቀኛለች፤ በእኔ ወጥታ ነው። ፎቶው ተለጠፈ። የልጄ ጓደኞች አንዳንድ ልብ ጣሉበት፤ አበቃ። በጾሙ ወራት ደግሞ "የጾም ዓሣ አለን" ብላ ጻፈችና ጉድ ፈላ። ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉና አይበላም የሚሉ ሁለት ወገን ሆነው ከፎቶአችን ሥር ተሰዳደቡ። አንዱ "ሲኦል የምትጠበሱበት ዘይት እየፈላ ነው" ብሎ ጻፈ። እኔም ስልኩን ቀምቼ "ና እዚሁ በእኔ ዘይት ልጥበስህ" ብዬ መለስኩ። ልጄ ልታጠፋው ስትሞክር እጇን ያዝኩት። ሳይጠፋ ሁለት ቀን ሙሉ ተሰደብኩ፣ ተሳደብኩ፤ ግን ልብ በሉ፣ ሰው መጣ። ከፊሉ የመጣው ሊያየኝ ነው። አንዱ ወጣት ተቀምጦ ከበላ በኋላ "ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለኝ። ኮሌታውን ይዤ ከወንበሩ አነሳሁት። እግሮቹ ሲወራጩ ደንበኛው ሁሉ ስልክ አወጣ። ስለቀው ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ዳጣ ጨመርኩለት።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። ሰው ሎሚና ቅጠል አይቶ አይቆምም። ደም ካየ ይቆማል።

በሚቀጥለው ሰኞ "ዛሬ እኔ ነኝ የምወስነው" አልኳትና አንድ ትልቅ ነጭ ዓሣ፣ ርዝመቱ ከደረቴ የሚደርስ፣ ጓሮ አስቀምጬ ገጀራ አነሳሁ። ሸሚዜን አወለቅኩ። በአንድ ምት አንገቱን ቆረጥኩ፤ ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጨ፤ በሁለተኛው ጀርባውን ሰነጠቅኩ። ጭንቅላቱን በጉንጩ ይዤ ወደ ስልኩ አቀረብኩና "ይሄን የመሰለ ጎረቤት ዘንድ አለ?" አልኩ። ልጄ ቀረጸችው። ቪዲዮው እንደ እሳት ተዛመተ። ባጃጅ ነጂዎች ሲያልፉ "ገጀራው!" እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። ገበያ ስገባ ሰው መንገድ ይለቅልኛል። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ግን በዚያ ሳምንት የሐያ ዓመት ወጣት ሆንኩ።

"አሁን ደግሞ ምን እንለጥፍ?" አለችኝ ልጄ። ደብተሯን አልከፈተችውም።

"ሐይቁን። እውነተኛውን ነገር።"

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሰው መናገር አለብኝ። ዓሣ የሚያመጣልኝ አንድ አጥማጅ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት፤ ሚስቱ የካምባ ሰው ናት። ንግግር አያበዛም። አማርኛው እንደ እኔ በገበያ የተማረው ነው። ዓሣው ሁልጊዜ የዕለት ነው፤ አንድ ቀን ያደረ አምጥቶልኝ አያውቅም። ከእሱ ጋር ተነጋግረን በጠዋት ከልጄ ጋር ወደ ሐይቁ ወረድን።

ጀልባውን ሳይ ተናደድኩ። ግራጫ፣ የተለጣጠፈ፣ ከውስጡ ውኃ በጣሳ የሚቀዳለት ነገር ነው። መረቡ ደግሞ አዞ ቀዶት በሲባጎ የተቋጠረ፣ የጭቃ ቀለም የያዘ። "ይሄን ይዘን ምኑን እናሳያለን?" አልኩ። ዞር ስል ከወዲያ ቁጥቋጦ ላይ የተሰጣ መረብ ዓየሁ። አዲስ ነው። ከላይኛው ገመዱ ላይ የተሰኩት ተንሳፋፊዎች ግማሹ ብርቱካንማ፣ ግማሹ ሰማያዊ ነው። የጠዋት ፀሐይ አርፎበት ያበራል።

አንስቼ ጎተትኩት።

"አባዬ፣ የሰው ነው" አለች ልጄ።

"አምስት ደቂቃ ነው የምንፈልገው።"

አጥማጁ ከጀልባው ወርዶ መጣ። "ጋሼ፣ ይሄ የእኔ አይደለም። ይመልሱት።"

"አላስረጀውም፣ አልበላውም።"

"ጋሼ፣ ተዉ። ሰው ካየ ጥሩ አይደለም።"

"ሰው የታለ? ውጣና ቅዘፍ!"

መረቡን በጀልባው አፍ ላይ ዘረጋሁት፤ ብርቱካንና ሰማያዊው ወደ ካሜራው እንዲታይ አስተካከልኩ። እሱ ወጣ። ቀዘፈ። ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ፤ ያ ደግሞ በቪዲዮ ሲታይ ኩራት መሰለ። እኔ ከፊት ቆሜ በሁለት እጄ ነጭ ዓሣ አንጠለጠልኩ። ስንጨርስ መረቡን ከነበረበት ቁጥቋጦ ላይ በራሴ እጅ መልሼ ሰጣሁት።

ይህን ያደረግኩት ሳላውቅ ቢሆን ኖሮ ምንም አልነበረም። ግን እኔ ዓሣ አጥማጅ ነበርኩ። እዚህ ሐይቅ ላይ ያለ አጥማጅ ሁሉ ያረጀ ነጠላ ጫማ ይሰበስባል፤ ቆራርጦ ቀዳዳ ይበሳለትና መረቡን የሚያንሳፍፈው በእሱ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ቀለም አለው። ነጭ የእገሌ፣ አረንጓዴ የእገሌ ነው፤ ከሩቅ ውኃ ላይ ሲታይ ባለቤቱ ይታወቃል። የሌላ ሰው ቀለም በጀልባው የተገኘ ሰው ምን እንደሚደርስበት አውቃለሁ። እኔ ራሴ በወጣትነቴ አንዱን በዚሁ ጥፋት በመቅዘፊያ ጀርባውን ገርፌያለሁ። ያን ቀን ግን ዓይኔ ስልኩ ላይ ነበር፤ እጄ የሚያውቀውን ሁሉ ረሳሁት።

ልጄ ከቀረጸችው ሁሉ የወደደችው አጥማጁ የተቀደደ መረቡን ሲሰፋ ያነሳችውን ነበር። "እጁን እየው አባዬ፣ ይሄ ነው ሐይቁ" አለች። እኔ ደግሞ መረብ የተዘረጋበትን፣ እኔ ከፊት የቆምኩበትን መረጥኩ። ተጨቃጨቅን፤ ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁ፤ ሻይ ፈሰሰ። እኔ አሸነፍኩ። ከሥሩ የሚሆነውን ጽሑፍም በራሴ ጣት ጻፍኩ፦ "ከጫሞ በቀጥታ። እውነተኛ አጥማጅ፣ እውነተኛ መረብ። እኛ ዘንድ ውሸት የለም።"

ቪዲዮው ከገጀራው በለጠ። በማግስቱ ከብዙ ሙገሳ መካከል አንድ ሰው "ይሄ የእኔ መረብ ነው። ሌባው ተገኘ" ብሎ ጻፈ።

ልጄ አነበበችልኝ። ቀናተኛ መሰለኝ፤ ከጎረቤት ዓሣ ቤት የተላከ መሰለኝ። ስልኩን ተቀብዬ "መረብህን የምትጠብቅበት ዓይን ከሌለህ ሐይቁን ለወንዶች ልቀቅ" ብዬ መለስኩ። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። እኔም ሳቅኩ። ያቺን መልስ የጻፍኩበትን ጣት አንዳንድ ቀን አያታለሁ።

ሰውየው ቀናተኛ አልነበረም። በዚያ ወር ውስጥ ሁለት መረብ ተሰርቆበታል፤ ሁለቱም ብርቱካንና ሰማያዊ ነበሩ። እኔ የጎተትኩት የቀረችውን ሦስተኛዋን ነው። ቪዲዮውን ያየው ሁለቱን ሲፈልግ ከርሞ ነው፤ ከተሰረቁት አንዱን ያየ መሰለው።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የአጥማጁ ሚስት ዓሣ ቤቱ ውስጥ እየሮጠች ገባች። ጫማ አልነበራትም። አንዱን ወንበር ገፍታ ጣለችው።

"ባሌን እየገደሉት ነው! በእርስዎ ቪዲዮ! በእርስዎ!"

ሌላ ቃል ሳትጨምር በሁለት እጇ ደረቴን መታችኝ። ሴት መትታኝ አታውቅም። ልጄ ስልኳን ይዛ ቀድማኝ ወጣች፤ ባጃጅ ውስጥ ሦስታችንም ተጣብቀን ወረድን። ባጃጁ ሲዘል ሴትዮዋ የእኔን ክንድ እየጨበጠች ትጮኻለች፤ የጥፍሯ ምልክት ለሳምንት ነበረብኝ።

ስንደርስ መጀመሪያ የሰማሁት የመጥረቢያ ድምፅ ነው። ጀልባውን እየፈለጡት ነበር። ግራጫው ሳንቃ ቁርጥራጩ በጭቃው ላይ ተበትኗል። እሱን ደግሞ በገዛ የተቀደደ መረቡ ጠቅልለው ከዋርካ ግንድ ጋር አስረውታል። የግራ ጆሮው ከላይ ተቀዶ ተንጠልጥሏል። አንድ ዓይኑ የለም ብዬ ነበር፤ ኋላ ሳየው አብጦ ተከድኖ ነው። ሁለት ሰዎች በመቅዘፊያ ተራ በተራ ጭኑን ይመታሉ፤ ልክ ጤፍ እንደሚወቁ። ባለ መረቡ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ጎልማሳ፣ አጭር መጥረቢያ ይዞ "እጁን አምጡ፤ መረብ የሚጎትት ጣት አይኖረውም!" ይላል። አንዱ ጉቶ አምጥቶ ከፊቱ አስቀመጠ።

"ተዉ!" አልኩ። ድምፄ ገበያ ሙሉ ሰው ዝም የሚያሰኝ ድምፅ ነው። ማንም አልዞረም። በመካከላቸው ገብቼ አንዱን ከኋላው ያዝኩት፤ ሳያየኝ መቅዘፊያውን ወደ ኋላ ሲያነሳ የትከሻዬን አጥንት አገኘው። ስትሰበር ሰማኋት። እንደ ደረቅ ሸምበቆ ነው ያለችው። በጉልበቴ ወደቅኩ።

የወደቅኩት ውኃው ዳር ነው፤ በእጄ ሥር እርጥብ ሣር ነበር። በእኛ በጋሞዎች ዘንድ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከፊትህ ከተንበረከከ ያነሳኸውን እጅ ታወርዳለህ። ያን ሣር ረግጦ ያለፈ ሰው ነገር አይቀናውም፤ ልጆቹም ላይ ይደርሳል። በደህናው እጄ አንድ እፍኝ ነጨሁ፤ በጉልበቴ እየተጎተትኩ ባለ መጥረቢያውና ጉቶው መካከል ገባሁ፤ ሣሩን ከፍ አድርጌ ያዝኩት።

መቅዘፊያዎቹ ቆሙ። መጥረቢያው ቆመ። ጀልባውን የሚፈልጠው እንኳ ቆመ።

ባለ መረቡ እያለከለከ "ሽማግሌ፣ ተነሱ። ይሄ ሌባ ነው" አለ።

አሁን የምጽፈውን እዚያ ላልነበረ ሰው ተናግሬ አላውቅም። በዚያች ደቂቃ "ሰርቆም ቢሆን፣ ልጆች አሉት፣ ማሩት" አልኩ። ምሕረት ለመንኩለት። መረቡን የዘረጋሁት እኔ ነኝ ከማለት ይልቅ ያልሰረቀውን ሰው ሌባ አድርጌ ማሩልኝ አልኩ። ገጽ ላይ "ውሸት የለም" ብዬ የጻፍኩ፣ ገጀራው የተባልኩ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ዋሽቻለሁ ማለት አቃተኝ። እሱን ከሞት አድኜ ስሜንም ይዤ የምሄድ መስሎኝ ነበር።

የታሰረው ሰው ጭንቅላቱን አነሳ። በቀረችው ዓይኑ አየኝ። ጥርሱ በደም ቀልቷል።

"ጋሼ፣ አልሰረቅኩም። ንገሯቸው።"

ባለ መረቡ ሳቀ። "ሰማችሁ? ሽማግሌው ራሱ አመነልን። ጣቱን ተዉለት ካሉ ሁለቱን ብቻ ልቁረጥ።"

ከሕዝቡ መካከል አንድ የእኔ ዘመን አጥማጅ ወጣ። ያ በአዞው የተነከሰው ጓደኛዬ ነው፤ እያነከሰ መጥቶ ከፊቴ ቆመ።

"ሣር ይዘሃል" አለኝ በጋሞኛ። "ሣር የያዘ እጅ አይዋሽም። መረቡን ጀልባው ላይ ማን አኖረው?"

ትከሻዬ ውስጥ የተሰበረው አጥንት ይፋጫል። ሣሩን ጥዬ ብነሳ እችል ነበር፤ ሣሩን ብጥለው ግን መጥረቢያው ይወርዳል።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"አልሰማንም!"

"እኔ ነኝ! ከቁጥቋጦው የጎተትኩት እኔ ነኝ! እሱ መልሱት ብሎኝ ነበር። ለቪዲዮ እንዲያምር ብዬ ነው!"

ሁሉም ባንድ ላይ ጮኹ። "ለደንበኛው ብሎ ነው!" "ዓሣ እንዳይቀርበት ነው!" "አብረው ነው የሚሰርቁት!" ባለ መረቡ መጥረቢያውን እንደገና አነሳ። እንግዲህ ሕይወቴን ሙሉ ተናግሬ ያልታመንኩበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ልጄ በሰው ክርን መካከል እየተገፋች ገባች። ከንፈሯ ደምቷል፤ አንዱ ሲገፋት ነው። ስልኳን ባለ መረቡ አፍንጫ ሥር አስጠጋችው። የለጠፍነው ቁራጭ ብቻ ነበር፤ እሷ ግን የቀረጸችውን ሁሉ አላጠፋችም። "ይሄው! ይሄው! እይ!"

ጭንቅላቶች ተሰበሰቡ። እኔ መረቡን ከቁጥቋጦ ስጎትት ታየሁ። የልጄ ድምፅ "የሰው ነው" ሲል ተሰማ። የእሱ ድምፅ "ጋሼ፣ ተዉ፣ ሰው ካየ ጥሩ አይደለም" አለ። የእኔም ድምፅ "ሰው የታለ? ውጣና ቅዘፍ!" አለ። ያንን ዓረፍተ ነገር በቁጣ በተሞሉ ሰዎች መካከል ተንበርክኬ ከስልክ ውስጥ ሰማሁት። ድምፄ ጥሩ ነበር፤ ጥርት ያለ።

ባለ መረቡ ስልኩን መለሰላት። መጥረቢያውን ጭቃ ውስጥ ወረወረው። ከዚያ ወደ እኔ መጣና በሙሉ ክንዱ በጥፊ መታኝ። ጆሮዬ ጮኸ፤ ሣሩ ከእጄ ተበተነ። ደገመኝ። ሦስተኛውን ሲያነሳ ጓደኛዬ እጁን ያዘው። በሕይወቴ ተመትቼ ዝም ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ዝም ያልኩት ጉልበት አጥቼ አይደለም፤ ደህናው እጄ ጭቃ ውስጥ ድንጋይ አግኝቶ ነበር። ለቀቅኩት።

የታሰረውን ሲፈቱት በጎኑ ወደቀ። ሚስቱ የተቀደደ ጆሮውን በነጠላዋ ይዛ አብረን ሆስፒታል ወሰድነው። የእኔን አጥንት ወጌሻ አስሮልኛል፤ አልጮህኩም፤ ወጌሻው ይመስክር።

ሕይወቱ ተረፈ፤ ነገሩ ግን አላለቀም። ቪዲዮውን ሌሎች ወስደው "የጫሞ ሌባ" ብለው በየራሳቸው ገጽ ለጥፈውታል። በሁለተኛው ሳምንት ልጠይቀው ቤቱ ሄድኩ። ጆሮው ተሰፍቷል፤ ጭኑ ጠቁሯል።

"ጋሼ" አለኝ ተኝቶ ሳለ። "ጭኔ ይድናል። የሚስቴ አባት ካምባ ገበያ ውስጥ 'የሌባ አማች' ተብሎ ተሰድቧል። ልጄን ትምህርት ቤት መተውታል። ይሄስ በምን ይድናል?"

ሚስቱ ውኃ አቀረበችልኝ። አለመሳደቧ ከደረቴ ምት ይልቅ አመመኝ።

ሰኞ ጠዋት ከልጄ ጋር ተቀመጥን። ምን እንደምንለጥፍ ልንወስን ነው።

"ሙሉውን እንለጥፍ" አለች።

"መረቡን ስጎትት ያለውን ብቻ። ቅዘፍ ያልኩትን ቁረጪው።"

"አልቆርጥም።"

"ልጅ አይደለሽም? የአባትሽን ክብር—"

"የአባቴ ክብር አንድ ጆሮ አስቀድዷል! አልቆርጥም! ከፈለግክ ስልኩን ስበረው።"

በደህናው እጄ ስልኩን አነሳሁት። ልወረውረው ክንዴን ወደ ኋላ አድርጌ ነበር፤ እውነቱን ልናገር። አላለቀሰችም፤ ቆማ አየችኝ። ወደ ታች አወረድኩት። "አምጪ፣ ከሥሩ የሚጻፈውን እኔ እጽፋለሁ" አልኩ። በአንድ እጅ፣ በአንድ ጣት፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ይህ ሰው ሌባ አይደለም። መረቡን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ አትንኩ ብሎኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ሌባ ብላችሁ የለጠፋችሁ ሁሉ ይህንን ለጥፉ። ሌባ ብሎ የሚሰድበው ሰው ከእኔ ጋር ነው ጠቡ፤ አድራሻዬን ታውቁታላችሁ።" ልጄ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ላጥፋ አለች። እሱን እምቢ አልኩ፤ ተለጠፈ።

የደረሰብኝን ስድብ እዚህ አልጽፍም፤ ወረቀቱ አይችለውም። የዓሣ ቤቴን መስታወት በድንጋይ የሰበረም ነበር። ግን እንደ እኔ ያለ ሰው ጀምሮ አይተውም። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ልዘርዝር።

የፈለጡትን ጀልባ የሚተካ አዲስ ጀልባ አሠርቼ ሰጥቻለሁ፤ አናጺው ሳንቃ ሲያሳንስ ጉሮሮውን ይዤ አስጨምሬአለሁ።

ባለ መረቡ ዘንድ ከሽማግሌዎች ጋር ሄጄ፣ ታጥቤ፣ ሣር ይዤ፣ በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቄአለሁ። በጥፊ የመታኝን እጅ ጨብጫለሁ፤ ጠንክሬ ነው የጨበጥኩት።

የአጥማጁን ጭን በመቅዘፊያ የመቱት ሁለቱ ሰዎች አልጋው ድረስ መጥተው ይቅር በለን እንዲሉ አድርጌአለሁ። አንደኛው አልመጣም ብሎ ነበር፤ መጣ።

የገጀራውን ቪዲዮ በራሴ ፈቃድ አጥፍቻለሁ። አሁን ሰኞ የሚለጠፈውን የምትመርጠው ልጄ ናት፤ እኔ እጮኻለሁ፣ እሷ ትለጥፋለች።

በተሰበረ ትከሻ አውቶቡስ ተሳፍሬ ካምባ ወጥቻለሁ። በገበያ ቀን፣ የአጥማጁ ሚስት አባት ከሚሸጥበት ቦታ አጠገብ ቆሜ፣ ከጠዋት እስከ ገበያው መበተኛ ስልክ ይዤ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ሙሉውን ቪዲዮ አሳይቻለሁ። "ውጣና ቅዘፍ" የሚለውን ድምፄን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። አናይም ያሉ ሁለት ሰዎችን በደህናው እጄ ኮሌታቸውን ይዤ እስኪጨርሱ አሳይቻለሁ። ባትሪው ሲያልቅ ባለሱቅ ቤት ሞልቼ ተመልሻለሁ። ሽማግሌው አማቱ ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም። ሲመሽ ዕቃውን ጠቅልሎ ሲነሳ ግን አንድ ደንበኛ "ያ ሌባ የተባለው አማችህ…" ብሎ ሲጀምር፣ ወደ እኔ በጣቱ አመልክቶ "ሌባ የለም። ጥፋተኛው ያውና" አለ። እኔም ስልኩን ከፍ አድርጌ "አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኩ፤ ገበያው ሁሉ ሰማኝ።